አያቴ ያልሠሩት በርኖስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 15

በርኖሱን አመጣለሁ አልኩ። አፌ ቀደመኝ። የኪነት ቡድናችን ዓርብ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ እንግዶች የመንዝን ባህል ያሳያል። መምህሩ “ጥሩ በርኖስ ያለው ማን ነው?” ሲል እጄን አወጣሁ።

በርኖሱ የታላቅ ወንድሜ የታደሰ ነው። ግንባር ሞቶ መርዶው ከመጣ ወር አለፈው። አስከሬኑ ስላልመጣ ያለቀስነው በርኖሱን አልጋ ላይ ዘርግተን ነው። እሑድ ለአርባውም ይዘረጋል።

“ማን ሠራው?” አለኝ መምህሩ።

“አያቴ።”

አያቴ ገበሬ ነበሩ። ቁልፍ እንኳ መትከል አይችሉም ነበር። የሠራው ሸማኔው እሸቴ ነው። እሱን ብል ግን አንድም ልጅ አይለብሰውም። ጠይብ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ልምምድ። ንግግሩን የማቀርበው እኔ ነኝ። “አባቶቻችን በገዛ እጃቸው” የሚለው ላይ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ሰው ሁሉ የእሸቴን ሥራ ይገዛል። ገዝቶ ሦስት ቀን አጥር ላይ ያሰጣል፣ ጸበል ይረጭበታል፣ ከዚያ ይለብሳል። ታደሰ ግን እዚያው እሸቴ ቤት ለብሶት በሞላሌ ገበያ መሐል አለፈ። እናቴ ስትጮህበት “የያዘኝ ብርድ ነው እንጂ ቡዳ አይደለም” ብሎ ሳቀ። “ጋሼ እሸቴ” ነበር የሚለው። እኔ በአያቴ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ እላለሁ።

መርዶው ሲመጣ እናቴ “ያኔ ነው የተበላው” አለች። ጥይት መሆኑን ደብዳቤው ይናገራል፤ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ዝም አልኩ። እሸቴ ለለቅሶ ሲመጣ አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ “ከዚያው ሆነህ አልቅስ” አለው። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አለቀሰ። ጠላ የጠጣበትን ቅል እናቴ ሰበረችው። ስብርባሪውን የጣልኩት እኔ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

ጠዋት እናቴ ወፍጮ ስትሄድ በርኖሱን ከሳጥን አወጣሁት።

ተጨበጨበልን። አንዱ እንግዳ በርኖሱን እየዳሰሰ “የአያትህ እጅ ይባረክ” አለኝ። “አሜን” አልኩ።

ቀበሌው ሰው ሁሉ ይውጣ ብሎ ነበር። ከንግግሩ መሐል “አያቴ የሠሩት” ብዬ ቀና ስል እሸቴን አየሁት። ከኋላ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ብቻውን። ሰው ሲያጨበጭብ እሱም አጨበጨበ።

ከዚያ በጭፈራው መሐል የለበሰው ልጅ ሲዘል በርኖሱ ትከሻው ላይ ተቀደደ። ከእሑድ በፊት ካልተሰፋ እናቴን ምን እላታለሁ? ለእሷ እኮ ልብስ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

እሸቴ ጋ ሄድኩ። ሌላ ማን ይሰፋዋል? ገና ከበሩ ሲያየኝ፣

“አያትህ አይሰፉልህም እንዴ?” አለኝ።

ሚስቱ እንዝርቷን ይዛ ሳቀች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን “ለነገ ይደርሳል?” ነው።

ተቀበለኝ። ትከሻውን አገላብጦ እየዳሰሰ “ታደሰ ይቺን ሁለት ጊዜ አስፈታኝ” አለ። “ሰፋ ያድርጉት፣ ታናሼ ሲያድግ ይለብሰዋል አለኝ።”

ይህን አላውቅም ነበር።

ጨርሰው ሲሰጡኝ “ነገ አርባው ነው አሉ” አሉኝ።

“ይምጡ፣ ጋሼ።”

“ከአጥሩ ወዲህ ነው ወዲያ?”

“ውስጥ” አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 21

እናቴ በርኖሱን ስትዘረጋ ጣቷ ስፌቱ ላይ ቆመ። “ማን ነካው?”

ሰው ፊት ነገርኳት። መውሰዴን፣ መቀደዱን፣ አያቴ ሠሩት ማለቴን፣ ጋሼ እሸቴ እንደሰፉት፣ እንደጠራኋቸውም። አጎቴ “ይሄን ልጅ ትምህርት አበላሸው” አለ። እናቴ በርኖሱን ዘርግታ ጨረሰች።

ጋሼ እሸቴ መጡ። አጎቴ እንደ ለቅሶው ቀን በሩ ላይ ቆመ። ገፍቼው አስገባቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልገፋሁትም። ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው። በርኖሱን ከአልጋው አንስቼ ለበስኩት። እናቴ አልከለከለችኝም። እንጀራና ወጥ ይዤ ወጣሁና ከአጥሩ ውጭ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

“ወዲያ ነው ለካ” አሉ።

ቆርሰው አጎረሱኝ። ከዚያ ትከሻዬን አይተው “ልክህ ሆኗል” አሉ።

ጥቂት ቆይቶ እናቴ ራሷ ወጣች። ጠላ፣ በሁለት ዋንጫ። ቅል አልነበረም። ቀና ብላ ሳታየን አስቀምጣ ገባች።

እንግዳው ሲበተን ዋንጫዎቹን አንድ ላይ አጠበቻቸው። ትሰብር ይሆን ብዬ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አልሰበረችም።

ነገ ትምህርት ቤት ነው። ለመምህሩ እውነቱን እነግራለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። እንደገና ጻፍኩት።