የገዱ ብቅል

ጥቅምት 4
ዛሬ ለዘጠነኛ ክፍል ኢንዛይም አስተማርኩ። ግማሹ አንቀላፋ። ከሰዓት ወንድሜ ገዱ ቤት ጎራ አልኩ። ቱሪስት ወደ ፓርኩ አድርሶ ሲመለስ በቅሎዋ ቅልጥሙን ረግጣዋለች። የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነስንሶበታል፣ ልክ እንደ ሚጥሚጣ! ሐኪም ቤት ሂድ ብለው፣ "ሁሌም በዚሁ ነው የምድነው፣ እታለም።" ግትር!

ጥቅምት 19
ቁስሉ ሸተተ። ሆስፒታል አስተኙት። የቁስሉ ናሙና ለምርመራ ጎንደር ሄዷል።

ጥቅምት 25
ውጤቱ መጣ። ጀርሙ መድኃኒቶቹን ሁሉ ለምዷቸዋል። አጥንቱም ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ፣ "ከጉልበት በታች ይቆረጥ፣ ባይዘገይ ጥሩ ነው" አለ። ገዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በእግሩ አይደል የሚበላው...

ዝም ማለት አቃተኝ። ያነበብኩትን ነገርኩት። መድኃኒት የለመደውን ጀርም በኢንዛይም ለመግደል እየተሞከረ ነው አልኩት።
"ኢንዛይም ደግሞ ምንድን ነው?"
"ብቅል ውስጥ ያለው ነገር። ገብሱን ለጠላ እንደሚያፈርሰው፣ ይሄኛው ጀርሙን ያፈርሰዋል።"
ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው!

ጥቅምት 27
አንዱዓለም ጋ ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን፣ አሁን አዲስ አበባ ተመራማሪ ነው። "ገና አይጥ ላይ ነው የሚሞከረው። የወንድምሽ እግር ይቆረጥ።" ለገዱ ነገርኩት።
"አይጥ ካዳነ እኔን ምን ይሳነዋል? እጠብቃለሁ።"
አልፈርምም አለ።

ህዳር 3
ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ሚስቱ ገበያነሽ ተንበርክካ ለመነችው። እኔም ለመንኩት። እሱ ግን በገባሁ ቁጥር፣ "እታለም፣ ያ ብቅልሽ ደረሰ ወይ?"

ምነው አፌን በቆረጠው! ከአፍ ከወጣ አፋፍ... ማን ይመልሰዋል?

ህዳር 7
ዛሬ እሺ አለ። "ቁረጡት።" ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ጀርሙ ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ ጊዜው አልፏል።

ህዳር 9
ገዱ አረፈ።

ህዳር 24
ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ፈተና አወጣሁ። ስለ ኢንዛይም ግን ምንም አልጠየቅኩም። አልቻልኩም።

ታህሳስ 5
ገበያነሽ ቤት ሄድኩ። ለአርባው ጠላ ልትጠምቅ ነው። የበቀለው ገብስ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እንዲመታው ተሰጥቷል። ጎንበስ ብላ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰበረቻት።

"እትዬ ሠርካለም፣ ብቅሉ ደርሷል።"

እሷ ምን ታውቃለች... ገዱ በዚያ ቃል ይጠይቅ የነበረው እኔን ነው። ጆንያውን ያዝኩላት፣ ሞላችው። ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ወሰድኩት።