መብራት የሚተርፈውን ሰፈር ያቀዱት የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ዓርብ፣ መጋቢት 7 ቀን 1954 ዓ.ም. ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። ክፍሏ ፀሐይ የምታየው ጠዋት ብቻ ነበር። በልጅነታቸው የደንበኞችን መስታወት እያዘነበሉ ብርሃኑን ወደ ስፌት መኪናው ሲልኩ፣ አባታቸው "ይቺ ልጅ ፀሐይንም ሥራ አስያዘቻት!" እያሉ ይስቁ ነበር። የጥያቄያቸው ብዛት "ለምን" የሚል ቅጽል ስም አወጣላቸው፤ ስሙም እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

እናታቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1976 ዓ.ም. በከተማ ፕላን በዲግሪ ተመረቁ፤ በከተማው ፕላን ቢሮም ተቀጠሩ። በ1979 ዓ.ም. የቢሮውን ሽቦ ሊጠግን ከመጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሠረቱ። አባታችን እስከ ዛሬ "መልስ ሲያልቅብኝ ጊዜ አገባኋት" ይላሉ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ2007 ዓ.ም. የሕይወታቸውን ትልቁን ሥራ ጀመሩ፤ በዓመት ከሚጠቀመው በላይ ኃይል ከፀሐይ የሚያመነጭ የመኖሪያ ሰፈር ማቀድ። ትርፉ ከመንገዱ ማዶ ላለው፣ መብራቱ እልም ብልጭ ለሚልበት ክሊኒክ እንደሚሆን ቃል ገቡ። ባልደረቦቻቸው "እስቲ መጀመሪያ ለራሱ ይብቃ!" ብለው ቀለዱባቸው። እሳቸው ግን የሕንጻውን አቅጣጫ፣ የዛፉን ጥላ፣ የመስኮቱን ስፋት ሳይቀር ከፀሐይ ጋር እያስተያዩ ለኩ።

ነዋሪዎች በ2014 ዓ.ም. ገቡ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሰፈሩ ሰጪ መሆኑ ቀርቶ ለማኝ ሆኖ ተገኘ። ቢሮው ጣሪያ ላይ የተተከሉትን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሶላሮች ሊያስነቅል ተነሣ። እናታችን ጡረታ ቢወጡም አላስቻላቸውም፤ ጉዳዩን ለማጣራት ጣሪያ ለጣሪያ ዞሩ። ሶላሮቹ ላይ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የሕፃን ልብስ ተሰጥቶባቸው አገኙ። አብረዋቸው የወጡት የሰፈሩ የጥበቃ ኃላፊ "ቅጣት ይጣልባቸው" ሲሉ፣ አንዲት ነዋሪ ወደ እናታችን ዞራ "እሺ፣ የት እናስጣው እትዬ? ሳሎን?" አለቻቸው። እናታችን በሳቅ ፈረሱ። "እውነትሽን ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ ልብስ ረሳሁ!"

ከዚያ በኋላ ቢሮውን ደጅ ጠንተው፣ ሶላሮቹ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ እንዲሉ፣ የልብስ ገመዱም ከሥራቸው እንዲዘረጋ አስደረጉ። ቢሮውም የመጨረሻ ያለውን ጊዜ ሰጠ፤ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ሰፈሩ ኃይል ካልተረፈው ሶላሮቹ ይነሣሉ።

በዚያው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። አልጋ ላይ ሆነውም ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ ቀድመው "ሰማዩ እንዴት ዋለ?" ይሉ ነበር። ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ የዓመቱ የቆጣሪ ንባብ ሳይደርስላቸው፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥያቄያቸው ሁሉ መልስ በሚያገኝበት ብርሃን ያኑርልን።

የቆጣሪው ንባብ ትናንት ከሰዓት በኋላ መጣ። ሰፈሩ ተርፎታል። የቢሮው ሠራተኞች የክሊኒኩን መስመር ዛሬ ጠዋት አገናኝተውታል።