ሁለተኛው ፍሬን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን

የሆዴ ልጅ፣ እንደምን ከርመሽልኛል?

አስቀድሜ ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ፤ ሁለታችንም ደህና ነን። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስንመለስ አንድ መኪና ከኋላ ገጨን። እኔን አንገቴን ትንሽ ይዞኝ ነበር፣ ታይቼ ተሻለኝ። የተሰበረው የኋላ መብራቱ ነው። የምጽፍልሽ ግን ለመብራቱ አይደለም።

አባትሽን ታውቂው የለም? ዕድሜውን ሙሉ መንዳት ያስተማረ ሰው፣ ግጭት ሲደርስ ምን እንደሚደረግ አንቺን ያስጠናሽ ገና እግርሽ ፔዳል ሳይደርስ ነው። እንዳስተማረው አደረገ። ሞተሩን አጠፋ፣ ፍሬቻዎቹን በሙሉ አበራ፣ መጀመሪያ እኔን ዳሰሰኝ፣ ከዚያ ወርዶ የገጨንን ሰው ደህንነት ጠየቀ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የድሮ ተማሪው፣ ያ ዳቦ ጋጋሪ። ከማፈሩ የተነሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አልተጯጯሁም፤ ስልክ ተለዋወጡ፣ ፎቶውን ጋጋሪው አነሳ፣ ትራፊክ ተጠራ።

ትራፊኳ መጥታ አባትሽን ለምን ድንገት ፍሬን እንደያዘ ጠየቀችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። የአባትሽ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ማስተማሩን የተወው በቃኝ ብሎ እንደሆነ ሲነግርሽ እኔም አጠገቡ ሆኜ አዎ እያልኩ ነበር። መኪናው የማለማመጃ ስለነበር ከእኔ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለው፤ አላስነቀለውም። ሰው መንገድ ውስጥ ሲገባና እሱ ዝም ብሎ ሲነዳ፣ እኔ እረግጣለሁ። አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። እሱ እንዳየ ሆኖ ይቀጥላል፣ እኔም እግሬን እሰበስባለሁ። የዚያን ቀን አንዲት ሴት ጋሪ እየገፋች ገባችብን፤ ረገጥኩ።

አባትሽ ሰው ገብቶብኝ ነው አላት። በየት በኩል ስትለው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አንጀቴን በላው። በግራ ብዬ ልነግረው ስል ትራፊኳ ወደ ጋጋሪው ዞረች።

ጋጋሪው አንገቱን ደፍቶ፣ "ከፊት የሆነውን አላየሁም፤ ተጠግቼ ስነዳ ነበር። ያላየኸውን አየሁ አትበል ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" አለ።

አባትሽ ወደ ትራፊኳ ዞረ። ከዚያ፣ "እኔም አላየሁም። ፍሬኑን የያዘችው ባለቤቴ ናት" አለ።

ሐኪም ሳያይዎት እንዳይነዱ አለችው ትራፊኳ። በአክብሮት ነው የተናገረችው፣ እኔ ግን እንባዬ መጣ። ጋጋሪው የእኛኑ መኪና ነድቶ ቤት አደረሰን።

ቤት ገብተን፣ ፍሬኑን በድብቅ ስረግጥ ስለኖርኩት ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ።

"ተይ እባክሽ፣ መች አጣሁት" አለኝ። "እግርሽ እኮ ከባድ ነው።"

ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ ዓይኑን መነጽር እንደማይመልሰው ነግሮናል።

አሁን መንዳት እየተማርኩ ነው። አገር ምድሩን አስተምሮ ሚስቱን የረሳ ሰው፣ ዛሬ ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን ለእኔ ሰጥቶ ከጎኔ ይቀመጣል። ሞተሩን በጆሮው እያዳመጠ ማርሽ ቀይሪ ይለኛል። ስሳሳት ጥርሱን ያፋጫል፤ ትዳራችን ፍሬኑን ችሎ ማርሹ ላይ እንዳይፈርስ ፈርቻለሁ።

ነድቼ የማመጣት እኔ ነኝ እያለ መምጫሽን ሲጠብቅ ነበርና፣ ቀኑ ሲደርስ እኔ እነዳለሁ፣ እሱም ከጎኔ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስትወጪ ከሩቅ እጅሽን አታውለብልቢለት። ዝም ብለሽ ቅረቢው፣ አባዬ በይው፣ ፊትሽንም በእጁ ይንካው።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ በሰላም ለዓይናችን ያብቃሽ።

እናትሽ