ማታ ማታ የሚነሣ ባትሪ

ስማ አንተ የመሬት ቢሮ ሰው፣

እህቴን ልጠይቅ ወዳለችበት ከተማ መጥቼ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ተቀምጬ ዋልኩልህ። ከተማው ባዶ መሬቱን መሐንዲሱ አማቼ፣ የእህቴ ባል፣ ለሚሠራበት ድርጅት ሊያከራይ ነው። ቀን የተረፈውን መብራት አጠራቅመው ማታ ለሠፈሩ የሚመልሱ፣ ኮንቴይነር የሚያካክሉ ባትሪዎች ሊተከሉበት። ውሉ ሲነበብ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተከራይ በየቀኑ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ንብረቱን አንሥቶ ቦታውን ባዶ ያስረክባል።» ለካ የመኪና ማቆሚያ ውል ነው እንዳለ የገለበጡት!

አማቼ ተነሣና «ጋሼ፣ ባትሪው እኮ ሥራ የሚጀምረው ማታ ነው። በጀርባዬ ተሸክሜ ቤቴ ላሳድረው?» አለ። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ቀና እንኳ ሳይሉ «ልጄ፣ ይህ ቅጽ ሃያ ዓመት አገልግሏል፤ ማንም ነክቶት አያውቅም» አሉት። ሁሉም እጁን አወጣ። አንዱማ እንቅልፍ ይዞት ጎረቤቱ ነው ያነሣለት። አጨበጨቡ፣ ጸደቀ። እህቴም እንደ ትናንቱ እራታችንን በሻማ አቀረበች።

የኛ ከተማ ናፍቆኝ ነበር። እዚያ አዳራሽ ግን አንተ ቢሮ የተቀመጥኩ መሰለኝና ናፍቆቴ ድራሹ ጠፋ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እትዬን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ያንተንም ቅጽ እስቲ አንድ ቀን አንብበው።