የማዳም ዳገት

ሰኞ፣ ግንቦት 11
ያሰጣሁት ልብስ አስጥቼ ሳልጨርስ ደረቀ። ገና በግንቦት እንዲህ ከሆነ...
ማዳም ከሰዓት ስትተኛ ሳይክሏን እንድነዳ ፈቅዳልኛለች። ሳይክል ስል... የኋላ ጎማ የለውም፣ ማሽን ላይ የታሰረ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ማሽኑ ፔዳሉን ያከብደዋል። ዳገት መሆኑ ነው። የጎረቤት ቤት ሠራተኛዋ ኑሪያ ሽንኩርት ልትበደር መጥታ አየችኝ።
"አንቺ፣ እዚያው ተቀምጠሽ የት ልትደርሺ ነው?"
ድሬዳዋ፣ አልኳት።

ዓርብ፣ ግንቦት 29
ከይረዲን ደወለ! የድሬ አሰልጣኜ። የሳይክል ክለባችን ባይፈርስ እኔስ ጅቡቲ ምን አመጣኝ?
"አቦ፣ አዲስ ክለብ ተቋቁሟል። ሴት ይፈልጋሉ። ፈተናው ሰኔ ሃያ ሁለት፣ ከድሬ ደንገጎ ሽቅብ። ከዘንድሮ ካለፈ በዕድሜ ይጥሉሻል።"
ደመወዝ አለው፣ ማደሪያ አለው። ካለፍኩ የሰው ሽንት ቤት ማጠብ ቀረ ማለት ነው። ማሽኑ ላይ ደንገጎን የሚያህል ዳገት አለ፤ በስንት ደቂቃ እንደምወጣው ነገርኩት። "እንዲህ ከሆነማ ማን ይደርስብሻል!"

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17
ጉድ እኮ ነው! ዛሬ ማሽኑን ስከፍት የማዳም ስም መጣ፣ ከሥሩ ክብደቷ። አርባ ስምንት ኪሎ! ቀሚሷን ከኋላ የምቆልፍላት እኔ... ሰባ ሁለት ቢያንሳት ነው። ሰውስ ይሁን፣ ማሽን ይዋሻል?
ሳቄን ሳልጨርስ ገባኝ። ማሽኑ ዳገቱን የሚያከብደው በተነገረው ክብደት ልክ ነው። እኔ ስልሳ ሁለት ነኝ። ወር ሙሉ የወጣሁት የአርባ ስምንት ኪሎ ሰው ዳገት ነው።
የራሴን ሞልቼ ሞከርኩ። ግማሽ ላይ እግሬ አለቀ። መልሼ አርባ ስምንት አደረግኩት። ምስጢሯ ነው፣ ምን አገባኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19
ለኑሪያ ነገርኳት። ሳቀች፣ ፊቴን ስታይ ተወች። "ታዲያ ትቀሪያለሽ?"
ከይረዲን ስሜን አስመዝግቧል፣ ሳይክል ከሰው ለምኖልኛል። ብቀርስ ዕድሜዬ ይጠብቀኛል? ከዶራሌ ወደብ በከባድ መኪና የሚጭነው ጌቾ ነገ በደወሌ ድንበር በኩል ድሬ ያደርሰኛል። ፈተናውን ነግሬያት ማዳም ሳምንት ፈቅዳልኛለች።

እሑድ፣ ሰኔ 22
ጫፍ አልደረስኩም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25
ማሽኑ ላይ እግር ሲደክም ባሉበት መቆም ነው። ደንገጎ ግን ወደ ኋላ ይጎትታል። ከመቀመጫዬ ብድግ ስል ሳይክሉ ከሥሬ ተወላገደ፤ ለካ የለመድኩት የታሰረውን ነው። ትንፋሼም የቆላ፣ የባሕር ጠረፍ ትንፋሽ... መንገዱ የሚጠመዘዝበት ጋ ስደርስ ከሳይክሉ ወረድኩ።
ከይረዲን በሞተር መጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።
"ሳይክሉን ስጪኝ፣ ኤሌኒ። ሌላ ልጅ ልትሞክርበት ነው።"
ሰጠሁት። ቁልቁል በእግሬ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30
ጅቡቲ ተመልሻለሁ። ማዳም ሳይክሏ ላይ ሆና ጠራችኝ። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።
"ኤሌኒ፣ አንቺ እውነተኛውን ዳገት ታውቂዋለሽ። ይሄ ያንን ይመስላል?"
ምን ልበላት?
"ቁርጥ እሱን ነው፣ ማዳም።"
ደስ አላት። "ስተኛ ትነጃለሽ አይደል?"
"የሚተኮስ ልብስ አለብኝ።"
ከሥሯ የተንጠባጠበውን ላብ ወለወልኩና ወጣሁ።