በባቡሩ ድምፅ ደጅ የሚወጡት እናት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ ብርሃነመስቀል፣

ከነልጆችህ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ከብርዱ በቀር የሚጣላኝ የለም። ስልክ ስደውል እማዬ ከጎንህ አትጠፋምና ብዕር አነሳሁ። ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

የማስታምማቸውን ሽማግሌ፣ ሚስተር ዋልተርን ነግሬሃለሁ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ እያሉ የሚነጫነጩብኝን። ባለፈው ሳምንት ከቤተ መጻሕፍት አንዲት ልጅ የድምፅ መቅረጫ ይዛ መጣች። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ተራው ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር ከሽማግሌዎች አፍ ትሰበስባለች። እኔም አብሬ ተቀመጥሁ፤ ወሬ እንደምወድ ታውቀኛለህ።

ያኔ ሥራ ጠፍቶ አገሩ ሁሉ ተቸግሮ ነበር አሉ። ታላቅ ወንድማቸው ሥራ ፍለጋ በጭነት ባቡር ተንጠላጥሎ ሄደ፤ ወድቆ ሞተ። አባትየው መርዶውን ለዋልተር ብቻ ነግረው፣ እናትህ አትችለውምና ዝም በል አሏቸው። እናትየው ባቡር በጮኸ ቁጥር እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ደጅ ይወጡ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ።

ልጅቷ፣ እውነቱን ሳያውቁ ሞቱ ወይ ብላ ጠየቀች። ሽማግሌውም፣

"ገና ያኔ ሰምታ ኖሯል። ጎረቤታችን ከቀብሩ በኋላ ነገረችኝ። ደጅ የምትወጣው ለእኛ ብላ ነበር፤ ማወቋን ብናውቅ አባቴ ይሰበራል ብላ" አሉ።

የአሁኑ ቤታቸውም ለሐዲድ ቅርብ ነው። ከዚያ ወዲህ ባቡር ሲያልፍ ሁለታችንም ወደ በሩ እናያለን። ደጃፉ ላይ እማዬ ቆማ ትታየኛለች። እፈራለሁ፣ ወንድሜ።

ወንድማችንን መስፍንን ባሕር ከበላው ሁለት ዓመት ሞላው። አትችለውም ብለን የደበቅናት እኔና አንተ ነን። ባለፈው ስደውል፣ መስፍን ሰላም ብሎሻል አልኋት። ድሮ ቢሆን ለምን ራሱ አይደውልም ብላ ታፋጥጠኝ ነበር። አሁን ግን "አይዞሽ ልጄ" ብቻ አለችኝ። ሰላምታ ላደረሰ ሰው አይዞሽ ይባላል?

እባክህ፣ የነፍስ አባቷንና ጎረቤቶቹን ይዘህ ማልደህ ንገራት። ጮኻ ታልቅስ፤ እርሟን ታውጣ። እኔም ወሬው እንዳይደርሳት ስል እስካሁን በአገር ሰው ፊት አልቅሼለት አላውቅም። ደክሞኛል።

እግዚአብሔር ለአንተ አንደበት፣ ለእርሷ ጽናት ይስጥልኝ።

እህትህ ሰርክአዲስ

በብሩክታይት እጅ ለእማዬ የላክሁት ሹራብ ሰሞኑን ይደርስሃል። ከመስፍን ነው በልልኝ ልልህ ነበር። አትስጣት።