ለሁለት ሰው ይበቃል

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ባንታየሁ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ወገብህ እንዴት ሆነ? መጋዘኑ ውስጥ ከባድ ዕቃ አታንሣ ያልኩህን ሰምተሃል ወይስ እንደ ልማድህ «እሺ» ብለህ ማንሣትህን ቀጥለሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ የሐምሌው ብርድ ብቻ አስቸግሮኛል። እዚህ ይበርዳል ስልህ ሁልጊዜ ትስቅብኛለህ። እንዳንተ አሜሪካ በረዶ ባይጥልም የናይሮቢ ሐምሌ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ፀሐይ ከታየች እንኳ ሰንብታለች።

ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት በስልኩ ስላልሆነልኝ ነው። ስደውል ወይ ሥራ ልትገባ ነው፣ ወይ ከሥራ ወጥተህ ደክሞሃል፤ እኔም ልናገር ያሰብኩትን ውጬ «በል ተኛ» ብዬ እዘጋዋለሁ። በወረቀት ግን እንደ ፈቀድኩ ላወራህ እችላለሁ፣ አንተም ሲመችህ ታነበዋለህ።

በመጀመሪያ አንድ ወሬ ልንገርህ፤ አልጋ ገዛሁ። አትደንግጥ፣ ውድ አይደለም፤ ንጎንግ ሮድ ዳር ከሚሠሩት አናጢዎች ነው ተከራክሬ የገዛሁት። አራት ዓመት ሙሉ ፍራሼን መሬት ላይ ዘርግቼ የተኛሁት አንተ «ዕቃ አትግዢ፣ ለምን ትከስሪያለሽ፣ ትመጪ አይደል እንዴ» ስላልከኝ ነበር። እኔም ምክርህን ሰምቼ በአንድ ድስት፣ በአንድ ወንበርና በሁለት ሳህን ኖርኩ። ሁለተኛው ሳህን አንተ መጥተህ የበላህበት ነው። የቤቱን ባለቤት ወይዘሮ ኣባዲትን መቼም አትረሳቸውም፤ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የኖሩት፣ አማርኛቸው እስከ ዛሬ ያልዛገው ሴትዮ። አልጋው ሲገባ በር ላይ ቆመው አዩና «ኣንቺ ልጅ፣ አትሄጂም እንዴ?» አሉኝ። «እሄዳለሁ፤ እስክሄድ ልተኛበት ብዬ ነው» አልኳቸው። «ደግ አደረግሽ፤ ወገብ ቪዛ አይጠብቅም» ብለው ሄዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ባለፈው ጥቅምት የዋስትናውን ፎርም ጀምረህ «እስቲ አንቺ የለመድሽው ነው፣ እዪልኝ» ብለህ ልከህልኝ ነበር። እውነትህን ነው፤ ሁርሊንግሃም በምሠራበት ቢሮ ቀኑን ሙሉ የሰው የቪዛ ፎርም ስሞላ ነው የምውለው። የስንቱን ሚስት ከባሏ አገናኝቻለሁ! ያንተን ስከፍት ግን ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። የቤተሰብ ብዛት በሚለው ላይ «ሦስት» ይላል። አንተ አንድ፣ እኔ ሁለት፤ ሦስተኛው ማን ነው? ያን ቀን ምሳም አልበላሁ። ወይ ልጅ ወልዷል፣ ወይ የድሮ ሚስቱን መልሷል ብዬ ደመደምኩ። ስደውልልህ እንዴት እንደጮህኩብህ ሳስበው እስከ አሁን አፍራለሁ።

አንተም በትዕግሥት አስረዳኸኝ። የድሮ ሚስትህን ሐሊናን በ2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስታመጣት ዋስ ሆነህ ፈርመህላታል። ጋብቻችሁ ፈረሰ፣ ዋስትናው ግን አልፈረሰም። ሐሊና ዜጋ እስክትሆን ወይም አሥር ዓመት ያህል ሠርታ እስክትሞላ ድረስ ብትፋቱም ባትፋቱም ዋሷ ነህ፣ ፎርሙም ከቤተሰብህ ይቆጥራታል። ደሞዝህ ደግሞ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ለሦስት አይበቃም። የእኔ ደሞዝ እዚሁ ትቼው የምመጣው ስለሆነ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ሌላ ዋስ ጨምር ስልህ «የሰው ደጅ አልቆምም» አልክ፤ ክብርህን አውቃለሁና አልገፋሁህም። ሐሊና የዜግነቱን ፈተና አንድ ጊዜ ወድቃለች፣ እንግሊዝኛው ከብዷታል፣ ተስፋ ቆርጣ ትታዋለች አልከኝ። ቁጥሯን ስጠኝ ስልህ ሰጠኸኝ። እንደማልደውል እርግጠኛ ሆነህ ይመስለኛል።

ደወልኩ። ከመደወሌ በፊት ምን እንደምላት ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ ድምፅዋን ስሰማ ግን ጽሑፉ ጠፋብኝ።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

«ሠርክ እባላለሁ። የባንታየሁ...»

«አወቅሁሽ» አለችኝ። ከዚያ ነገሩን እንደምንም አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና በሣቅ ፈረሰች። «ወይ ጉድ! እኔ ለዚህ ሰውዬ ካገባሁት ይልቅ ከፈታሁት በኋላ ነው የከበድኩት በይኛ!»

እንደገና አመለከተች፣ እኔም አስተማሪዋ ሆንኩ። ለእሷ የምሳ ሰዓት ሲሆን ለእኔ ምሽት አንድ ሰዓት ነው፤ ከሥራ ወጥቼ ማታቱ፣ ያው ሚኒባሱ ውስጥ ነኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ በእንግሊዝኛ እጠይቃታለሁ፣ ትመልሳለች፣ አርማታለሁ። አንድ ቀን ባንዲራው ላይ ስንት ኮከብ አለ ብዬ ብጠይቃት ጠፋባት። ረዳቱ ደግሞ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመንገዱን ዋጋ «ሃምሲኒ! ሃምሲኒ!» እያለ ይጮሃል። በስልኩ ሰምታው «ሃምሳ የሚለው ማነው? በቃ እሱ ይፈተንልኝ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ሣቅሁ። ባንታየሁ፣ በዚህ ከተማ ማታቱ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ የሣቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥናቱ ሲያልቅ ጥቂት እንጨዋወት ነበር። ስለ አንተም ሳናነሣ አልቀረንም። «ክፉ ሰው አይደለም» አለችኝ አንድ ቀን። «እኔንም ሦስት ዓመት አስጠብቆኛል። ወንድሜ ነው ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ካልፈረምክ አልነሣም ብሎ ሶፋው ላይ የተቀመጠበት። ስደርስ ደግሞ ኤርፖርት ካፖርት ይዞ ጠበቀኝ፣ ልክ የኔ ቁጥር። ግን ሰው ቤቱ ውስጥ ሲኖር ይጨንቀዋል። ሰው ሲርቀው ይናፍቃል፣ ሲቀርበው ግራ ይገባዋል።» እኔ ተከራከርኩልህ። ያኔ ኑሮው ጠቦት ነው፣ አሁን ሌላ ሰው ነው አልኳት። «ይሁና» ብላ ወሬውን ቀየረች።

መጋቢት ላይ ፈተናውን አለፈች። የዚያን ዕለት ሁለታችንም በስልኩ አለቀስን፤ እሷም እኔም የየራሳችንን ነበር የምናለቅሰው። የቀረው የዜግነት መሐላው ብቻ ነው። ከዚያ የሥራ ሰዓቷ ተቀየረና ስልካችን ተቋረጠ፤ እኔም ዜናውን ካንተ መጠበቅ ጀመርኩ። ግንቦት ላይ ስጠይቅህ «የሐሊና መሐላ ገና ነው፣ እንጠብቅ» አልከኝ። ሰኔ ላይም «ገና ነው» አልከኝ። ጨቅጫቃ እንዳልባል ዝም አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ እያጠብኩ ሐሊና ደወለች።

«ኢንተርቪውሽ መቼ ነው? ቀን ሰጡሽ?» አለችኝ።

«ኧረ ገና ነው፣ ያንቺን መሐላ እየጠበቅን አይደል?»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ሠርክ፣» አለችኝ፣ «እኔ እኮ የማልኩት በሚያዝያ ነው፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት። የዚያኑ ቀን ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ‹እንኳን ደስ ያለሽ› አለኝ። ላንቺም ልደውል ነበር፤ ምሥራቹን ባሏ ይንገራት ብዬ ነው የተውኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ምን አጠፋችና ይቅርታ ትጠይቀኛለች! አመሰግናታለሁ ብዬ ዘጋሁ። ልብሱን አጥቤ ጨረስኩ፣ አሰጣሁት። ወይዘሮ ኣባዲት ከመስኮታቸው አይተውኝ ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ ሳሙናው ዓይኔ ገባ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተነጋግረናል። እኔ ስለ ብርዱ ነገርኩህ፣ አንተ ስለ አዲሱ አለቃህ ነገርከኝ። ነገሩን አላነሣሁብህም። በስልክ ብጠይቅህ ቶሎ ምክንያት ታገኝልኝ ነበር፣ እኔም ቶሎ አምንህ ነበር። ልወቅስህ አይደለም የምጽፈው። ረስተኸው ሊሆን ይችላል። የፎቶው ትርጉም አልገባህም ይሆናል። ሥራ በዝቶብህም ይሆናል። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚሉት ተረት ደጋግሞ ወደ አፌ ይመጣል፤ በባሌ ላይ አልተርትም ብዬ እመልሰዋለሁ።

ብቸኝነቱን ግን አልደብቅህም። ከቅዳሴ በኋላ ባለትዳሮቹ በአንድ ወገን፣ ላጤዎቹ በሌላ ወገን ሆነው ሻይ ይጠጣሉ፤ እኔ ሁለቱም ጋ እንግዳ ነኝ። ባልሽ የት ነው ሲሉኝ አሜሪካ ስላቸው ይቀኑብኛል። ከአራት ዓመቱ ትዳራችን ውስጥ አብረን የኖርነው ስድስት ሳምንት ነው፤ ሁለት ጊዜ መጣህ፣ ሦስት ሦስት ሳምንት። ስድስቱንም ሳምንት በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ጠዋት ሬዲዮ ከፍተህ ስዋሂሊ አንዲት ቃል ሳትሰማ «እህ፣ እህ» እያልክ በቁም ነገር ታዳምጥ ነበር። አሁን ሬዲዮው ሲከፈት «እህ» የምለው እኔ ነኝ። ናፍቀኸኛል፣ ባንታየሁ። ንዴቴም ናፍቆቴም በአንድ ላይ ነው የሚመጡብኝ፣ የትኛውን እንደማስቀድም አላውቅም።

የማይጠብቀን ነገር ደግሞ አለ። ፋይላችን አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ካልተላከለት ይዘጋል፤ ማስጠንቀቂያው ለሁለታችንም በኢሜይል ደርሶናል። ቀኑ ነሐሴ 24 ነው። ከተዘጋ እንደገና ከመጀመሪያው ልንነሣ ነው፣ ሌላ ሦስት ዓመት፣ ምናልባት አራት። እኔ በመስከረም አርባ ዓመት እሞላለሁ። ይህን ለምን እንደምነግርህ ታውቃለህ፤ የልጅ ነገር ስናወራ ስም ያወጣኸው አንተ ነህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ፈድሉ ይባላል፤ እዚሁ ሳውዝ ሲ ሱቅ ያለው ሰው ነው፣ ቪዛውን የሞላሁለት እኔ ነኝ። እህቱን ሊጠይቅ ወደ እናንተ ወደ ኮሎምበስ ይመጣል። ከደብዳቤው ጋር ፎርሙን ልኬልሃለሁ። ሁሉን ሞልቼዋለሁ፤ ስምህን፣ አድራሻህን፣ የምትሠራበትን፣ ገቢህን። የቤተሰብ ብዛት በሚለው ላይ «ሁለት» ብዬ ጽፌያለሁ። በየቀኑ የምጽፈው ቁጥር ነው፣ ያን ዕለት ግን አስቀድሜ በሌላ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። ከእንግዲህ ወዲህ የምንጠብቀው ሌላ ሰው የለም። የፊርማህን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ፈድሉ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ፈርመህ ከሰጠኸው እኔ እዚህ ስካን አድርጌ ከቀኑ በፊት አስገባዋለሁ። የማትፈርም ከሆነም ፎርሙን እንዳለ መልስልኝ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅህም፣ ለማንም አላወራብህም።

ወይዘሮ ኣባዲት ሰላም ብለውሃል። ሐሊናን ካገኘሃት ሠርክ እንኳን ደስ ያለሽ ብላለች በላት፤ ማለት በሚገባኝ ቀን ሳልላት ቀርቻለሁ። እመብርሃን ከክፉ ሁሉ ትጠብቅህ፣ ወገብህን ትማርልህ፣ ስትወጣ ስትገባ ከፊትህ ትቅደም። ልብህንም ላሰበው ነገር ታበርታልህ፣ ያሰበው ምንም ይሁን።

ፈድሉን ብቻ ባዶ እጁን አትስደድብኝ። ተፈርሞም ይምጣ ሳይፈረም፣ ካንተ እጅ የወጣ አንድ ነገር መያዝ እፈልጋለሁ።

ባለቤትህ
ሠርክ